በአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ጣሊያን ውስጥ መንዳት፦ ዝግጅቱ ከቤት ይጀምራል

ከጣሊያን ከተመለስን ሰባት ወር ሆኖን ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፖስተኛው ሜሪላንድ ባለው ቤታችን ደጃፍ ላይ አስፈርሞ በሪኮማንዴ የተላከ ወፍራም ፖስታ ሰጠኝ። ውስጡ ሁለት የቅጣት ወረቀት ነበረ። ቀኑ አንድ፣ ከተማዋ አንድ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 18 ደቂቃ ብቻ። ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር አንዲት የቱስካኒ ከተማ ውስጥ ሆቴላችንን ስንፈልግ ሁለት ጊዜ የተመላለስንበት መንገድ ነው። ያን ቀን ያስቆመን ፖሊስ አልነበረም፤ ፊሽካም አልሰማንም። መንጃ ፈቃዴ የተሟላ ነበር፣ መኪናዋም ኢንሹራንስ ነበራት። ያየን ካሜራ ብቻ ነው።

«በአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ጣሊያን መንዳት ይቻላል ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ ዘመዶችና ወዳጆች ብዙ ናቸው። ይቻላል። ነገር ግን ፈቃዱ በር የሚከፍት ቁልፍ እንጂ የጉዞው ዋስትና አይደለም። ገንዘብ የሚያስወጡት ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚሠሩት አውሮፕላን ላይ ሳይወጡ ወይም የጥንት ከተሞች መግቢያ ላይ ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ይከተሉ፤ በተለይ ስድስተኛውን ደረጃ ከጉዞው በፊት ሁለት ጊዜ ያንብቡት።

ደረጃ 1፦ ዓለም አቀፉን መንጃ ፈቃድ ያውጡ

የጣሊያን ሕግ የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ የያዘ ጎብኚ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ወይም የተረጋገጠ የጣሊያንኛ ትርጉም አብሮ እንዲይዝ ይጠይቃል። «ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ» የሚለው ስም ያሳስታል። በ1949 በጄኔቫ በተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት መሠረት የሚዘጋጅ፣ የራስዎን ፈቃድ በበርካታ ቋንቋዎች የሚተረጉም ትንሽ ደብተር ነው። ለብቻው አያስነዳም። ዋናው ፈቃድዎ ቤት ከቀረ ደብተሩ ዋጋ የለውም።

አሜሪካ ውስጥ ደብተሩን ለመስጠት ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሥልጣን የተሰጠው «ትሪፕል ኤ» እያልን የምንጠራው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ነው። ዕድሜዎ 18 ዓመት የሞላ መሆን አለበት። የጸና መንጃ ፈቃድዎን፣ ሁለት የፓስፖርት መጠን ፎቶግራፍና 20 ዶላር ይዘው ቅርንጫፉ ዘንድ ይሂዱ፤ በአካል ከሄዱ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ይጨርሳሉ። በፖስታ ከላኩ ግን ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ለመጨረሻው ሳምንት አያቆዩት። የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ነው።

ኢንተርኔት ላይ «ለ3 ዓመት የሚያገለግል»፣ «ለ10 ዓመት የሚያገለግል» እያሉ በብዙ እጥፍ ዋጋ የሚሸጡ አሉ። በአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ላይ ተመሥርቶ ከአንድ ዓመት በላይ የሚያገለግል ዓለም አቀፍ ፈቃድ የለም። የጊዜው ርዝመት ራሱ ማጭበርበሩን ይነግርዎታልና ገንዘብዎን አይስጡ።

የመኪና ኪራይ ቤቱ ደብተሩን ሳይጠይቅዎ ቁልፉን ሊሰጥዎ ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ ይዘናጋል። መንገድ ላይ ያስቆመዎት ፖሊስ ግን ሁለቱንም ሊጠይቅ ይችላል፤ ከሌለዎት ቅጣት አለ። አደጋ ቢደርስ ደግሞ ወረቀትዎ የተሟላ መሆኑ የሚጣራው ያኔ ነው።

ሌላ አገር ለምትኖሩ ወገኖች በአጭሩ፦ የጀርመን፣ የስዊድን ወይም የሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ፈቃድ የያዘ ሰው ጣሊያን ውስጥ ተጨማሪ ወረቀት አያስፈልገውም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ከእስራኤል የሚመጣ ግን ደብተሩን ፈቃዱን ከሰጠው አገር ማውጣት አለበት፤ እስራኤል ውስጥ ይህን የሚሰጠው ሜምሲ የሚባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ነው። መርሁ ለሁሉም አንድ ነው፤ ዓለም አቀፍ ፈቃድ የሚወጣው ዋናውን ፈቃድ ከሰጠው አገር እንጂ ከሚሄዱበት አገር አይደለም። እዚህ የምንናገረው ስለ ጎብኚ መሆኑንም ልብ ይበሉ። ጣሊያን ውስጥ ነዋሪ ሆኖ የተመዘገበ ሰው በአሜሪካ ፈቃዱ መንዳት የሚችለው ከምዝገባው ጀምሮ ለአንድ ዓመት ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ ስሞችዎን አንድ ያድርጉ

ይህን ደረጃ በሌላ ሕዝብ መመሪያ ላይ አያገኙትም። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። አሜሪካ ስንገባ አንዱ መሥሪያ ቤት የአያታችንን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል፣ ሌላው የአባታችንን፤ ሦስተኛው የአባታችንን ስም በአንድ ፊደል አሳጥሮ ይጽፈዋል። ሀገር ውስጥ ስንኖር ይህ ብዙም አያስቸግርም። ኪራይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ግን ሠራተኛዋ ፓስፖርቱን፣ መንጃ ፈቃዱንና ክሬዲት ካርዱን ጎን ለጎን አድርጋ ታያለች። ሦስቱ ላይ ያለው ስም ካልገጠመ መኪናውን ላለመስጠት መብት አላት።

ጉዞው ሁለት ወር ሲቀረው ሦስቱን ሰነዶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ልዩነት ካለ ለማስተካከል የሚቀልለው ባንኩ ነው፤ ካርዱን ፓስፖርቱ ላይ ባለው ስም አሠርተው እንዲልክልዎ ይጠይቁ። ኪራዩንም ሆነ ዓለም አቀፉን ፈቃድ በዚያው ስም ያውጡ። ከአሥር ዓመት በላይ ስሟ በሁለት ዓይነት ተጽፎ የኖረች አንዲት እኅታችን ሚላን ላይ መኪና ተከልክላ፣ አራት ልጆች ይዛ ወደ ባቡር ጣቢያ ስትሄድ አይቻለሁ። ምንም ያጠፋችው ነገር አልነበረም።

ደረጃ 3፦ መኪናውን ሲያስይዙ

አውሮፓ ውስጥ የሚከራይ መኪና ብዙውን ጊዜ በእጅ ማርሽ የሚነዳ ነው። አውቶማቲክ ከፈለጉ በግልጽ ይምረጡ፤ ውድ ነው፣ በበጋም ቶሎ ያልቃል። ትልቅ መኪና አይመኙ። የጥንት መንደሮች መንገድ ለበቅሎ የተሠራ ይመስላል፤ ሜሪላንድ ውስጥ መካከለኛ የምንለው መኪና እዚያ የሁለቱን ወገን ግድግዳ ይነካል።

ክሬዲት ካርድ ያስፈልግዎታል፤ ያውም በነጂው ስም። ዴቢት ካርድ በብዙ ቦታ አይቀበሉም። ለዋስትና የሚያዝ ገንዘብ ስላለ ካርዱ ላይ በቂ ቦታ ይተዉ። ዕድሜው ከ25 በታች የሆነ ነጂ ተጨማሪ ይከፍላል። ባለቤትዎም የምትነዳ ከሆነ ውሉ ላይ ትጻፍ፤ ያልተጻፈ ሰው ሲነዳ ለሚደርስ ጉዳት ኢንሹራንሱ አይሸፍንም።

ኢንሹራንሱን ሰከን ብለው ያንብቡት። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በሕግ ግዴታ ስለሆነ በኪራዩ ውስጥ ይካተታል። በራሱ በተከራዩት መኪና ላይ ለሚደርስ ጉዳትና ስርቆት የሚሸፍነው ክፍል ግን ከራስዎ ኪስ የሚወጣ ድርሻ አለው፤ የዚህ ድርሻ መጠን ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። አሜሪካ ያለው የመኪናዎ ኢንሹራንስ ውቅያኖስ አይሻገርም። «የክሬዲት ካርዴ ይሸፍንልኛል» የሚል ሰው ደግሞ ካርዱ ያወጣውን ውል ይመልከት፤ ጣሊያንን በስም ጠቅሰው የማይሸፍኑ ካርዶች አሉ።

ሮም የሚደርሱ ከሆነ መኪናውን የመጀመሪያው ቀን አይረከቡ። ከተማዋን በእግርና በሜትሮ ይዩ፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ካሉት የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ዘመድ ወዳጅዎን ያግኙ፤ መኪናውን የሚረከቡት ከሮም በሚወጡበት ጠዋት ይሁን።

ደረጃ 4፦ ሲረከቡ

ከመቆሚያው ሳይንቀሳቀሱ መኪናውን ዙሪያውን በስልክዎ በቪዲዮ ይቅረጹ፦ ጎማዎቹን፣ መስታወቱን፣ የነዳጁን መጠን፣ የተነዳውን ኪሎ ሜትር። ጭረት ካለና ውሉ ላይ ካልተጻፈ እዚያው ያጽፉ። የአደጋ ሦስት ማዕዘንና አንጸባራቂ ሰደርያ መኖራቸውን ያረጋግጡ። ልጅ ካለዎት ቁመቱ 150 ሴንቲ ሜትር እስኪሞላ ድረስ የልጅ መቀመጫ ግዴታ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው የማያውቀው ጸጋ አለው። የመኪና ቋንቋችን አብዛኛው ጣሊያንኛ ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ፍሬቻ፣ ኮፈን፣ ካንዴላ፣ ታርጋ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ ሁሉም የመጡት ከዚያ ነው። ኦርቪዬቶ አጠገብ ፍሪሲዮኑ ሲሸት አንድ ሽማግሌ ሜካኒክ ዘንድ ደረስን፤ እንግሊዝኛ አያውቁም፣ እኔም ጣሊያንኛ አላውቅም። «ፍሪሲዮን» ስላቸው ወዲያው ኮፈኑን ከፈቱት። አባቴ ከአዲስ አበባ ጋራዥ ያስተማረኝ ቃል በዚያ ኮረብታ ላይ ሠራልኝ። ሊብሬው፣ በእነርሱ አጠራር ሊብሬቶ፣ መኪናው ውስጥ መኖሩን ሳያዩ አይነሡ።

ደረጃ 5፦ መንገድ ላይ

ኢትዮጵያም አሜሪካም ጣሊያንም በቀኝ ይነዳሉ፤ በዚህ አይቸገሩም። የሚያስቸግረው የለመድነው ልማድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቀይ መብራት ላይ ቆም ብለን ወደ ቀኝ እንታጠፋለን። ጣሊያን ውስጥ ይህ ክልክል ነው። ቀይ ማለት ቁም ማለት ነው፣ ወደ የትም። ምልክት በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ቅድሚያ ከቀኝ ለሚመጣው ነው። የግራው መስመር ለመቅደም ብቻ ነው፤ ቀድመው እንደጨረሱ ይልቀቁት። ከከተማ ውጭ በቀንም ቢሆን መብራት ያብሩ።

የፍጥነት ወሰኑ በኪሎ ሜትር ነው፦ በአውቶስትራዳ (በፈጣኑ የክፍያ መንገድ) 130፣ በዋና ዋና የሀገር አቋራጭ መንገዶች 110፣ በሌሎች 90፣ በከተማ ውስጥ 50። ዝናብ ሲጥል አውቶስትራዳው ወደ 110 ይወርዳል። አረንጓዴ መደብ ያለው ምልክት የአውቶስትራዳ ነው፤ ሰማያዊው የሌሎች መንገዶች ነው። «ቱቶር» የሚባለው መቆጣጠሪያ በሁለት ቦታ መካከል የነዱበትን አማካይ ፍጥነት ስለሚያሰላ ካሜራ ሲያዩ ብቻ ፍሬን መርገጥ አያድንዎትም።

አልኮል ላይ ወሰኑ በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም ነው፤ አብዛኛው የአሜሪካ ግዛት ከሚፈቅደው 0.8 ያነሰ። ፈቃድ ካወጣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ነጂና ከ21 ዓመት በታች ያለ ሰው ምንም መጠጣት አይችልም። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ከ2024 ማብቂያ ጀምሮ በጠነከረ ሕግ ይቀጣል።

አውቶስትራዳ ሲገቡ ከማሽኑ ትኬት ይወስዳሉ፣ ሲወጡ ይከፍላሉ። ትኬቱን ከጣሉት ከሩቁ መግቢያ የመጡ ተደርጎ ይታሰብብዎታል። መውጫው ላይ ቢጫ ምልክት ያለበት መስመር የቴሌፓስ፣ ማለትም መኪናው ላይ ባለ መሣሪያ ሳይቆሙ የሚከፍሉ ደንበኞች ነው፤ አይግቡበት። የገንዘብ ሥዕል ያለበት ነጩ መስመር ወይም ሰማያዊው የካርድ መስመር የእርስዎ ነው። በስሕተት ቢጫው ውስጥ ከገቡ በጭራሽ ወደኋላ አይመለሱ፤ ይህ ሕይወት የሚያጠፋ፣ ከባድ ቅጣትም ያለው ድርጊት ነው። የእርዳታ ቁልፉን ይጫኑ፤ ማሽኑ የሚሰጥዎን ወረቀት ይዘው በ15 ቀን ውስጥ ይክፈሉ።

ደረጃ 6፦ የተከለከለው ክልል

ያ ሪኮማንዴ የመጣው ከዚህ ነው። የጣሊያን ታሪካዊ ከተሞች መሐል አብዛኛው «ዞና ትራፊኮ ሊሚታቶ» ነው፤ ፈቃድ የሌለው መኪና የማይገባበት ክልል። ፍሎረንስ፣ ፒሳ፣ ሲዬና፣ ቦሎኛና ሮም ሁሉም አላቸው። በር የለውም፣ ጠባቂ የለውም። መግቢያው ላይ ቀይ ክብ ያለበት ነጭ ምልክት፣ ከበላዩ ካሜራ፣ ከጎኑ ደግሞ በመብራት የተጻፈ ሰሌዳ አለ። ካሜራው ታርጋውን ያነብባል። ሁለት ጊዜ ከገቡ ሁለት ቅጣት ሊመጣብዎት ይችላል።

ሰሌዳው ላይ «ቫርኮ አቲቮ» ይላል። ባለቤቴ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ «አቲቮ» ሲል ክፍት ነው ማለት መሰለኝ። የተገላቢጦሽ ነው። ቫርኮ አቲቮ ማለት መቆጣጠሪያው እየሠራ ነው፣ አይግቡ ማለት ነው። መግባት የሚቻለው «ቫርኮ ኖን አቲቮ» ሲል ብቻ ነው። ይህችን «ኖን» የሚል ቃል ጽፈው መሪው አጠገብ ይለጥፏት።

የስልክ ካርታ ሁልጊዜ አያስጠነቅቅም፤ አቋራጭ ብሎ ቀጥታ ወደ ክልሉ ሊወስድዎት ይችላል። ስለዚህ፦

ሆቴልዎ በክልሉ ውስጥ ከሆነ ከመድረስዎ በፊት ይደውሉ። የመኪናውን ታርጋ ቁጥር ሰጥተው ለፖሊስ እንዲያስመዘግቡልዎና የመግቢያውን መንገድ እንዲነግሩዎ ይጠይቁ፤ ማስመዝገባቸውን በጽሑፍ ያረጋግጡልዎ። ሆቴሉ ይህን የማያደርግ ከሆነ ከክልሉ ውጭ ያቁሙና ሻንጣውን በታክሲ ያስገቡ።

ሆቴል ከሌለዎት ደግሞ መሐል ከተማ በመኪና አይግቡ፤ ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው። ለፍሎረንስ «ቪላ ኮስታንዛ» የሚባለው መቆሚያ ከአውቶስትራዳ ኤ1 ሳይወጡ ይገባል፤ ከዚያ በትራም መሐል ከተማ ይደርሳሉ። ቬኒስ ውስጥ መኪና የሚባል ነገር የለም፤ ፒያሳሌ ሮማ ወይም ትሮንኬቶ ያቁሙ። ሚላን ላይ «ኤሪያ ሲ» የተባለው መሐል ከተማ በሥራ ቀናት መግቢያ ያስከፍላል፤ 7.50 ዩሮ። ቅጥር ያላቸው ትናንሽ ከተሞች አብዛኞቹ ከቅጥራቸው ውጭ መቆሚያ አላቸው። መስመር ካጡ ወደ ከተማው ልብ ሳይሆን ወደ ዳር ይታጠፉ፤ መኪናውን አቁመው በእግር ይጠይቁ። እኔ ያን ቀን አምስት ደቂቃ ብቆም ኖሮ ሁለት ደብዳቤ አይመጣም ነበር።

ደረጃ 7፦ ማቆምና ነዳጅ

ነጭ መስመር ያለበት ቦታ ነፃ ነው፤ ምልክቱ የሰዓት ገደብ ካለው ያንብቡት። ሰማያዊው ይከፈልበታል። ቢጫው ለነዋሪ፣ ለአካል ጉዳተኛ ወይም ለጭነት የተከለለ ነው።

ነዳጅ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አሜሪካ ውስጥ አረንጓዴ እጀታ ብዙ ጊዜ የናፍታ ነው፤ ጣሊያን ውስጥ አረንጓዴው ቤንዚን ነው። ናፍታ ብለው ቢፈልጉ ደግሞ ማደያው ላይ «ጋዞሊዮ» ወይም «ዲዜል» ተብሎ ነው የተጻፈው። የነዳጅ ክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳያዩ አይቅዱ። «ሰርቪቶ» የሚል መስመር ላይ ሠራተኛ ይቀዳልዎታል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል፤ «ፋይ ዳ ቴ» ራስዎ የሚቀዱበት ነው። ራስዎ ሲቀዱ ማሽኑ ካርድዎ ላይ ለጊዜው እስከ 100 ዩሮ ሊይዝ ይችላል፤ በኋላ ይለቅቀዋል።

ደረጃ 8፦ ችግር ቢደርስ

መኪናው መንገድ ላይ ቢቆም ሰደርያውን ከለበሱ በኋላ ይውረዱ፣ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ ያስቀምጡ። የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ 112 ነው። ሰው ከተጎዳ ፖሊስ ሳይመጣ አይንቀሳቀሱ። ቀላል ግጭት ከሆነ ሁለቱ ነጂዎች አንድ ላይ የሚሞሉት ሰማያዊ የአደጋ መግለጫ ቅጽ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከሊብሬው ጋር መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። ቅጹ ለኢንሹራንስ ማስረጃ ስለሚሆን ያልገባዎትን ነገር አይፈርሙ። የሌላውን ታርጋ፣ ኢንሹራንስና የመኪኖቹን አቋም ፎቶ ያንሡ፣ ኪራይ ቤቱንም በዚያው ሰዓት ይጥሩ።

ደረጃ 9፦ ከተመለሱ በኋላ

መኪናውን ሲመልሱ እንደገና በቪዲዮ ይቅረጹ፤ ሠራተኛ በሌለበት ሰዓት ከሆነ ይበልጥ። የነዳጁን ደረሰኝ ይያዙ።

ከተመለስን በሁለተኛው ወር ከክሬዲት ካርዴ ላይ ጥቂት አሥር ዩሮዎች ተቆርጠው አየሁ። ቅጣቱ ይኼው ነው ብዬ ዘጋሁት። አልነበረም። ያ ኪራይ ቤቱ ስሜንና አድራሻዬን ለፖሊስ ለማስተላለፍ የወሰደው የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ ቅጣቱ ራሱ በኋላ በፖስታ መጣ። እንዲህ ያለ ክፍያ ካርድዎ ላይ ካዩ ደብዳቤ እንደሚከተል ይወቁና ፖስታ ሳጥንዎን ይጠብቁ። አድራሻ ቀይረው ከሆነ ደግሞ ፖስታ ቤቱ ወደ አዲሱ እንዲያዞርልዎ ያድርጉ።

ደብዳቤው ሲደርስ በመጀመሪያ ታርጋውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ከኪራይ ውልዎ ጋር ያመሳክሩ። ትክክል ከሆነ በተቀበሉ በ5 ቀን ውስጥ ሲከፍሉ ብዙውን ጊዜ 30 በመቶ ይቀነስልዎታል፤ ብዙ ከተሞች በድረ ገጻቸው በካርድ ይቀበላሉ። 60 ቀን ካለፈ መጠኑ ያድጋል። ሆቴሉ አስመዝግቦልዎት ከነበረና በስሕተት ከተቀጡ በ60 ቀን ውስጥ ለአውራጃው ፕሬፌት (የመንግሥት ተወካይ) ወይም፣ ነዋሪነትዎ ውጭ አገር ከሆነ በዚያው በ60 ቀን ውስጥ፣ ለሰላም ዳኛው አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። የሆቴሉ የጽሑፍ ማረጋገጫ የሚጠቅመው ያኔ ነው። ከከፈሉ በኋላ ግን አቤቱታ የለም።

ውጭ አገር ለሚኖር ሰው ቅጣቱን የማሳወቂያው ጊዜ እስከ 360 ቀን ነው። ቀኑ የሚቆጠረውም ሁልጊዜ ካጠፉበት ዕለት ላይሆን ይችላል፤ ነጂው ማን እንደሆነ ለፖሊስ ከታወቀበት ቀን ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ የኪራይ ውሉን፣ የአውቶስትራዳ ደረሰኞቹን፣ ቪዲዮዎቹንና ከሆቴሉ ጋር የተጻጻፉትን በአንድ ፖስታ አድርገው ቢያንስ ሁለት ዓመት ያስቀምጧቸው።